አሳንሰር ለማስገባት አውቶቡስ የጎተተው ሰው

ከባድ ዕቃ ባለበት ሁሉ አንድ «ዞር በሉልኝ» ባይ አለ። ይህ ሰው የሌለበት ሰፈር፣ መሥሪያ ቤት ወይም ዘመድ አዝማድ እስካሁን አልተገኘም። አራት ሰዎች አንድ ፍሪጅ ከበው «በዚህ በኩል እንያዘው»፣ «የለም፣ በጎኑ እናጋድመው» እያሉ ሲመካከሩ እሱ እጅጌውን እየጠቀለለ ይደርሳል። አይመካከርም። ፍሪጁን እንኳ በወጉ አያየውም። «ዞር በሉልኝ!» ይላል፤ አራቱም ዞር ይላሉ፤ ፍሪጁ ከመሬት ይነሳል። የሚገባበት በር እንዳልተከፈተ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ የምናወራለት ሰው የዚህ ወገን ቁንጮ ነው። ሰፈሩ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ከረሳው ቆይቷል፤ ትልቁም ትንሹም «ክሬኑ» ይለዋል። የሚተዳደረው ያገለገሉ ፍሪጆችና የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች እየጠገነ ነው። ያን ሁሉ ጉልበት ከየት አመጣው ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው፦ ሱቁ ጠባብ ነው። ጓዳ ያለውን ማሽን ለማየት ፊት ለፊት የተደረደሩትን ሁሉ ማውጣት፣ ማታ ደግሞ ሁሉንም መልሶ ማስገባት ግድ ይላል። ሌላው ሰው ጂም ቤት ሄዶ የሚያገኘውን ክሬኑ በቦታ ጥበት አገኘው።

አንድ ጊዜ ጎረቤቶቹ ቤት ሲቀይሩ ቁምሳጥናቸውን ከነልብሱ አዝሎ አወረደላቸው። ልብሱን ቀድመው ሊያወጡት አስበው ነበር፤ ግን ማን ጊዜ ሰጣቸው? አዲሱ ቤት ደርሶ ቁምሳጥኑ ሲከፈት ከካፖርቶቹ መሀል የቤቱ ድመት ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክሬኑን ባየች ቁጥር አልጋ ሥር ትገባለች ይባላል።

ሌላ ጊዜ ሻይ ቤት ተቀምጦ ሁለት ሰዎች አንድ ሕንፃ በር ላይ ከሶፋ ጋር ሲታገሉ አየ። ሻዩን ትቶ ተነሳ፤ «ዞር በሉልኝ!» አለ፤ ሶፋውን አናቱ ላይ ጭኖ እስከ አራተኛ ፎቅ ሽቅብ ተጓዘ። ሰዎቹ ከኋላ ከኋላው እየጮኹ ተከተሉት። እሱ የምስጋና ጩኸት መስሎት «ምንም አይደል! ምንም አይደል!» እያለ ቀጠለ። ለካስ ሰዎቹ ሶፋውን ከቤት እያስወጡ እንጂ እያስገቡ አልነበረም፤ ሸጠውት ኖሯል። ክሬኑ ይህን ሲሰማ ቅንጣት አልተሸማቀቀም። መልሶ አወረደው፤ ገዢውም ቤት ድረስ አደረሰው።

ይህን ሰው «ላግዝህ?» ማለት መስደብ ነው። «ለምን? ታምሜያለሁ እንዴ?» ይላል። ደግሞ በጣም ነው የሚከፋው።

እንግዲህ ይህ ሰው አንድ ችግር ሊፈታ ተነሳ። ችግሩ ደረጃ ነበር።

የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ፎቅ ነው። ምድር ቤቱን የድንገተኛና የማዋለጃ ክፍሎች ስለያዙት የሚነካው የለም፤ ለፊዚዮቴራፒው የተረፈው የመጨረሻው ፎቅ ብቻ ነው። ነገሩን ረጋ ብላችሁ ተመልከቱት። መራመድ ያቃተው ሰው መራመድ የሚለማመድበት ክፍል ያለው ደህና አድርጎ መራመድ የሚችል ሰው ብቻ የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው። አሳንሰር የለም። ስለዚህ ለዓመታት አሳንሰሩ ክሬኑ ነበር። ሱቁ ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ነው፤ አንድ ሰው ምርኩዙን ይዞ ከደረጃው ሥር ሽቅብ ሲያይ ካየ መፍቻውን አስቀምጦ ይሻገራል። እግሩ የተሰበረውን፣ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ያለውን፣ ሁሉንም አዝሎ ያወጣል፤ ሲጨርሱም አዝሎ ያወርዳል። ለዚህ ሥራ የቀጠረው የለም፤ ሊያስቀረው የቻለም የለም።

ከሚያዝላቸው ሁሉ ቋሚ ደንበኛው ቲቸር ናቸው። ቲቸር ግማሹን ሰፈር ሒሳብ ያስተማሩ ጡረተኛ ሲሆኑ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ያለ ፊዚዮቴራፒ ከወንበር መነሳት አይሆንላቸውም። ማስተማሩን ግን ክሬኑ ጀርባ ላይ ሆነውም አላቆሙም።

«ቀጥ በል! እንደ ጆንያ አትያዘኝ። ግራ እጅህ የት ሄደ?»

«እዚህ አለ፣ ቲቸር።»

«ታዲያ ሥራ ስጠው እንጂ!»

አንድ ጠዋት እንዲህ እየተባባሉ ሲወጡ፣ መሀል ደረጃ ላይ፣ የክሬኑ ቀኝ ጉልበት «ቀጭ» አለና ከዳው። አልወደቀም። በአንድ እጁ ግድግዳውን ይዞ፣ ቲቸርን እንዳዘለ፣ ቀስ ብሎ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«ምነው?» አሉ ቲቸር።

«ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው።»

«አንተ? ማረፍ?»

ክሬኑ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። «ድምፁን ሰምቼዋለሁ» አሉት ቲቸር።

«ለማንም እንዳይነግሩብኝ፣ ቲቸር። በሞቴ።»

«ለሌላ ሰው ነግሬ ምን አደርጋለሁ? የምነግረው ለራስህ ነው። ይዘኸኝ ብትወድቅ እኮ ሁለታችንን የሚያዝል ሰው ሰፈሩ ውስጥ የለም።»

ክሬኑ ብዙ ንግግር ጭንቅላቱ ውስጥ የሚያስቀር ሰው አይደለም፤ ይቺ ግን ገብታ ተቀመጠች። ሱቁ ውስጥ የማጠቢያ ማሽን ፈትቶ ይገጥማል፣ እሷ ትመጣለች። ምሳ ይቀርብለታል፣ ትመጣለች። ነገሩን እንደ ተበላሸ ማሽን ከላይም ከታችም አየው። ጉልበቱ ዛሬም ይሁን ነገ አንድ ቀን ይከዳዋል። ሰዎቹ ደግሞ ነገም ከነገ ወዲያም መውጣት አለባቸው። ስለዚህ እሱ የማያስፈልግበት መላ መገኘት አለበት። የሰፈሩ አንደኛ ጉልበተኛ የራሱን ሥራ የሚቀማው ማሽን ፍለጋ ወጣ።

ማሽኑ ሩቅ አልነበረም። አንድ ኮንትራክተር የድሮ ሕንፃ ሲያድስ ያወረደው ደህና አሳንሰር ግቢው ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ኮንትራክተሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ውርርድ ግን ይወዳል። ዝናብ ይዘንባል አይዘንብም ብሎ እንኳ ሳይወራረድ ጃንጥላ አይዝም። ክሬኑ ጉዳዩን ሲያስረዳው አገጩን እያሻሸ ሰማውና ሳቀ።

«ክሬን ነኝ ትላለህ አይደል?»

«እኔ አላልኩም። ሰው ነው ያለኝ።»

«እንግዲያው የጤና ጣቢያው የድጋፍ ማሰባሰቢያ ቀን ደርሷል። ያን የሠራተኛ አውቶቡስ ከጤና ጣቢያው ግቢ በር እስከ መንገዱ ማዶ ብቻህን ጎትተህ አሳየኝ። ከጎተትክ አሳንሰሩ የጤና ጣቢያው ነው፤ በራሴ ሠራተኞች አስገጥመዋለሁ። ግን ብቻህን!»

«ከማን ጋር ልጎትት ነበር?» አለ ክሬኑ ተቀይሞ።

እዚህ ላይ ስለ አውቶቡሱ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሳያውቁት ቀጥሎ የመጣው ጉድ አይገባም። አውቶቡሱ በየማለዳው የሰፈሩን ሰዎች ፋብሪካ የሚያደርስ መለስተኛና ሽማግሌ መኪና ነው። ሞተሪኖው ከሞተ ዓመታት አልፈውታል፤ የሚነሳው በግፊ ብቻ ነው። ተሳፋሪው በጠዋት ይመጣል፣ ቦርሳውን ደረቱ ላይ ያዞራል፣ ከኋላ ተሰልፎ ይገፋል፤ አውቶቡሱ መንከባለል ሲጀምር ሾፌሩ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ክላቹን ይለቃል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ሁሉም እየሮጠ ይገባል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ከሥራነት አልፎ የሰውነት ጠባይ ሆኗል። የዚያ ሰፈር ሰው የአውቶቡሱ ጎማ ሲንቀሳቀስ ካየ እጁ ጌታውን ሳይጠይቅ ይዘረጋል።

ክሬኑ ዝግጅቱን በዘዴ ጀመረ። አውቶቡስ መጎተት ሲያዩት የክንድ ሥራ ይመስላል፤ ግን ክንድ እዚያ ውስጥ እምብዛም የለበትም። ገመዱ ከትከሻና ከደረት ጋር በታጠቁት ነገር ይያያዛል፤ ሰውየው ወደ ፊት ያጋድላል፤ የሚገፋው መሬቱን ነው፣ በእግሩ። ከሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያዋ ስንዝር ናት፤ አንዴ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ዋናው ነገር እንዳይቆም ማድረግ ነው። ጎማው ከላላ መሬት ላይ ይተኛል፣ ስለዚህ ክሬኑ ጎሚስታው ዘንድ ሄዶ ስድስቱንም ጎማ ድንጋይ እስኪመስል አስነፋ። ጎሚስታው ሲነፋ እየራቀ ነበር የሚነፋው።

መታጠቂያውን የሰፋችው ባለቤቱ ናት። ሥራዋ ሶፋ ማልበስ ስለሆነ ከወፍራሙ ሸራዋ ደራርባ ሰፋችለት። ደረቱን እየለካች፣

«ቀኝ ጉልበትህ ነው አይደል?» አለችው።

«ማን ነገረሽ? ቲቸር ናቸው?»

«ቲቸር ምን አገባቸው? ከወንበር ስትነሳ ትዘፍናለህ። ድሮ ዝም ብለህ ነበር የምትነሳው። ድምፁ እንዳይሰማብህ ነው የምትዘፍነው።»

ክሬኑ ወለሉን አየ።

«ድምፅህ ደግሞ ከጉልበትህ ይብሳል» አለችና ሜትሯን ጠቀለለች። «እጅህን አንሳ፣ ብብትህን ልለካ።»

የድጋፍ ቀን ደረሰ። ጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሜዳ መንገድ ተዘጋ፤ ሰው ከዚህ እስከዚያ ሞላ። ለአሳንሰሩ ማስገቢያ ሲሚንቶ ያመጣ አለ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያመጣ አለ፣ «እኔ ሥራ እንጂ ዕቃ የለኝም» ብሎ አካፋውን ይዞ የመጣ አለ። ዳኛ ቲቸር ሆኑ። ድምፅ ማጉያ ሰጥተው መንገዱ ማዶ፣ ከመድረሻው መስመር ጎን ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ሌላ ዳኛ ማንም አላሰበም፤ ከቲቸር ፊት ያጭበረበረ ሰው ከድሮም አልነበረም፣ ያጭበረበረም ካለ ዛሬም ድረስ ያስታውሱታል።

ክቡር ክሬኑ መጀመሪያ ሰውነቱን ለማሟሟቅ ፌሮ አጠፈ። ብረታ ብረት ሻጩ እልህ ይዞት ካለው ሁሉ ወፍራሙን ይዞ መጥቶ ነበር። ክሬኑ ፌሮውን አንገቱ ላይ አደረገው፣ ሁለቱን ጫፍ ያዘ፣ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ፣ ፌሮውም እንደ ከዘራ ራስ ተቆለመመ። ሕዝቡ ጮኸ። ሻጩ ብቻ ብረቱን ከግራ ከቀኝ እያየ፣ «አሁን ይሄን ለማን ልሽጠው?» አለ።

«ጠማማ ቤት ለሚሠራ!» አለ አንዱ ከኋላ።

ቀጥሎ ሦስት ሴቶች የተቀመጡበትን አግዳሚ ወንበር ከነሴቶቹ አነሳ። ሴቶቹ የአንዲት ጎረቤታቸውን የጋብቻ ጉዳይ እያወሩ ነበር፤ አየር ላይ ሆነውም አላቋረጡም። ክሬኑ ሊያወርዳቸው ሲል አንደኛዋ፣ «ቆይ አንዴ! ልትጨርስልኝ ነው» አለችው። ቆየላት።

ከዚያ አውቶቡሱ መጣ። ሾፌሩ መሪው ላይ ተቀመጠ፣ ማርሹን ፍሪ አደረገ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀ። ክሬኑ መታጠቂያውን ለበሰ፣ ገመዱ ተያያዘ። ኮንትራክተሩ በአውቶቡሱ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ዞሮ ጎንበስ ብሎ ሥሩን ሳይቀር አየ።

«ብቻህን!» አለ እንደገና።

«ዞር በልልኝ» አለው ክሬኑ።

ጎተተ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ገመዱ ተወጠረ፣ የክሬኑ አንገት ሥር ተገተረ፣ የጫማው ሶል መሬቱን ፈጨ። ከዚያ የፊት ጎማው ንቅንቅ አለ። አንዲት ስንዝር ሄደ።

ያኔ ነው ጥፋቱ የጀመረው። ከኋላ የቆመ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ጎማው ሲንቀሳቀስ አየና ቦርሳውን ደረቱ ላይ አዞረ። አላሰበበትም። ሄዶ ሁለት እጁን አውቶቡሱ ላይ ለጠፈ። ጎኑ የነበረው ተከተለው። ከዚያ የጠዋቱ ሰልፈኛ ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ በየለመደው ቦታ ገባና «ሆ!» ብሎ ገፋ።

ከፊት ያለው ክሬኑ ይህን አላየም። እሱ ያወቀው ገመዱ በድንገት እየቀለለው መሄዱን ብቻ ነው። ፊቱ በራ። መራመድ ጀመረ፤ ከዚያ ፈጠን አለ፤ ከዚያ «አቤት ጉልበቴ!» እያለ ሶምሶማ ገባ። ሾፌሩም ከሥሩ ያ የለመደው መንከባለል ተሰማው። እጁ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፤ እግሩ ክላቹን ለቀቀ። ሞተሩ አጓርቶ ተነሳ።

አውቶቡስ የጎተቱ ጉልበተኞች በየአገሩ አሉ። በጎተተው አውቶቡስ የተባረረ ግን ከክሬኑ በፊት ስለመኖሩ የምናውቀው የለም። ገመዱ መሬት ላይ እየተጎተተ፣ ክሬኑ እጁን እያወናጨፈ ሮጠ፤ ሾፌሩ ነቅቶ ፍሬን እስኪይዝ ድረስ ከመድረሻውም አልፎ ሮጠ። የባሰው ደግሞ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ተነሳች! ግቡ፣ ግቡ!» ማለቱ ነው። ግማሹ ሕዝብ ሮጦ ገባ። ቦታ የያዘም ነበር።

በድምፅ ማጉያው የቲቸር ድምፅ መጣ።

«አልተቆጠረም።»

«ልክ ነዎት» አለ ኮንትራክተሩ። ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ ግን ክሬኑን ሲያየው ሳቁ ቀረ። ክሬኑ በሁለት እጁ ቀኝ ጉልበቱን ጨብጦ መንገዱ ዳር ጎንበስ ብሎ ቆሟል። ያ ሩጫ ለጉልበቱ አልበጀውም።

ኮንትራክተሩ ጠጋ ብሎ፣ «ስማ ወንድሜ፣ ሌላ ቀን ይሁን። እኔም አልሸሽም፣ አሳንሰሩም አይሸሽም» አለው።

«እስከ ሌላ ቀን ቲቸር በምን ይወጣሉ?» አለ ክሬኑ ቀና ሳይል።

«እንደ በፊቱ ነዋ። አንተ እያለህ።»

«እኔ አልችልም» አለ ክሬኑ። ይህን ቃል ከአፉ የሰማው ሰው እስከዚያ ሰዓት አልነበረም።

ባለቤቱ ከሸራዋ የተረፈውን ቁራጭ ይዛ መጣች። «ላግዝህ?» ብላ አልጠየቀችውም። ተንበረከከችና ሱሪው ላይ ጉልበቱን ጠምጥማ አሰረችው። እሱም ዝም ብሎ ታሰረ።

«ጠበቀብህ?»

«የለም። ደህና ነው።»

«ከዘፈንክ እሰማሃለሁ» አለችው።

አሁን የቀረው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ሕዝቡ እንዳይገፋ ምን ይደረግ? ሾፌሩ አውቶቡሱን ወደ መነሻው መልሶ ቁልፉን ለቲቸር አስረከበ፤ የሞተሩ ነገር በዚህ ተፈታ። የሰዎቹ እጅ ግን ቁልፍ የለውም። እጃቸውን ወደ ኋላ ያጥፉ ተባለ፣ እርስ በርስ ይያያዙ ተባለ። ሰዎቹ ራሳቸው በራሳቸው አልተማመኑም። «እኔ ጎማው ሲዞር ካየሁ አልችልም፣ እውነቴን ነው» አለች አንዲት ተሳፋሪ።

ቲቸር ጉዳዩን እንደ ሒሳብ አዩት።

«አውቶቡስ ከኋላ መግፋት የማይችለው ውስጡ የተቀመጠ ሰው ነው» አሉ። «ገፊዎች በሙሉ፣ ግቡ!»

«ቲቸር፣ ይከብደዋል እኮ!»

«ያውቃል። ክሬኑ፣ ይግቡ?»

ክሬኑ ከአናቱ እስከ እግሩ ላብ ሆኖ አውቶቡሱን አየ፤ ተሳፋሪዎቹን አየ። «ይግቡ» አለ።

ገቡ። ወንበሩ ሞላ። በመጨረሻ ኮንትራክተሩም «እኔም ውስጥ ሆኜ አያለሁ» ብሎ ገባ። ኮንትራክተሩ ሲገባ አውቶቡሱ ወደ አንድ ጎን ዝቅ አለ።

ክሬኑ ሁለተኛ ጎተተ። ገመዱ ተወጠረ። ምንም የለም። እግሩን ቀየረ፤ ምንም የለም። በትልቁ ሊረግጥ ቀኝ እግሩን ወደ ፊት ሲወረውር ጉልበቱ ተንቀጠቀጠና ሊያርፍበት አልቻለም። ባለቤቱ አፏን በእጇ ያዘች።

«ክሬኑ!» አለ የቲቸር ድምፅ። «ላይ ክፍል ባለሙያዋ ምንድን ነው የምትለኝ?»

ይህን ሌላው ሰው አልተረዳውም። ክሬኑ ግን ቲቸርን ካወጣ በኋላ ሁልጊዜ በሩ ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቃቸው፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በየቀኑ የምትላቸውን በቃሉ ያውቀዋል። ትልቅ እርምጃ የሚመኝ ሰው ይወድቃል፤ ግማሽ ጫማ ይበቃል፤ አንዱ እግር ሳይረጋ ሌላውን አታንሱ።

«ግማሽ ጫማ!» አሉ ቲቸር።

ክሬኑ ዝቅ አለ፤ እጁ መሬት ሊነካ እስኪደርስ አጋደለ። ግራ እግሩን ግማሽ ጫማ አስቀደመ። አረጋው። ቀኙን አስጠጋ።

ጎማው ንቅንቅ አለ።

«አረጋው! አትቸኩል። ማን ያሳድድሃል? ቁልፉ እኔ ጋ ነው!»

ሕዝቡ ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ አውቶቡሱ ሄደ። ስንዝር፣ ከዚያ ክንድ፣ ከዚያ እርምጃ። ክሬኑ እንደ ሕፃን ነበር የሚራመደው፤ ያ ሶፋ አናቱ ላይ ጭኖ አራተኛ ፎቅ የሚፈነጨው ሰው ግማሽ ጫማ፣ ግማሽ ጫማ እያለ መሬቱን ይለምነው ነበር። መንገድ ዳር የቆመው ሰው በየእርምጃው «ግማሽ!» እያለ መጮኽ ጀመረ። አውቶቡሱ ውስጥ ደግሞ የሚገርም ነገር ሆነ። ተሳፋሪው በሙሉ ሁለት እጁን ፊቱ ባለው ወንበር ጀርባ ላይ ለጥፎ ይገፋል። ይህ ለአውቶቡሱ ቅንጣት ታህል አይረዳውም፤ ውስጡ ሆኖ የሚገፋ ሰው ወደ ፊት የሰጠውን ያህል በእግሩ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ቢሆንም ገፉ። ላብ በላብ ሆነው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ገፉ።

ክሬኑ ቲቸር ወንበር ጋ ሲደርስ ቲቸር እጃቸውን አነሱ። የአውቶቡሱ አፍንጫም መስመሩን አለፈ። ሾፌሩ የእጅ ፍሬኑን ሲጥጥ አደረገው።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጩኸት የማዋለጃ ክፍሉ አዋላጆች መስኮት ከፍተው ሊገስጹ ብቅ ብለው ራሳቸውም እንደጮኹ ይነገራል። ተሳፋሪዎቹ በሩ አልበቃቸው ብሎ አንዳንዱ በመስኮት ወረደ። ክሬኑን ሊሸከሙት ሞከሩ፤ ስምንት ሆነው አንስተው አስቀመጡት፤ እንደገና አንስተው እንደገና አስቀመጡት። ብረታ ብረት ሻጩ ያን የታጠፈ ፌሮ አንገቱ ላይ እንደ ሽልማት አጠለቀለት፤ ከዚያ ለማውጣት ትንሽ ጊዜ ፈጀ።

ኮንትራክተሩ መጨረሻ ላይ መዳፉን እያሻሸ ወረደ።

«አንተም ስትገፋ በመስኮት አይቼሃለሁ» አሉት ቲቸር።

«ወንበሩን እኮ ነው!»

«እሱ ነው ያዳነህ። ተቆጥሯል!»

ኮንትራክተሩ ቃሉን አላጠፈም። አሳንሰሩ ሸራው ተገፎለት መጣ፤ ሲሚንቶውም፣ ሽቦውም፣ አካፋውም ሥራ አገኙ፤ ክረምቱ ሳይገባ ተገጠመ። የተመረቀ ዕለት ቲቸር ከመኪና ሲወርዱ ክሬኑ ደረጃው ሥር ደርሶ በልማዱ ጀርባውን ሰጥቶ ጎንበስ አለ። ቲቸር ምርኩዛቸውን ተደግፈው አልፈውት ሄዱ።

«ቀና በል» አሉት። «በሩ ተከፍቷል። አንተም ግባ።»

«እኔ ምን ላደርግ?»

«ያን ጉልበት ልታሳይ ነዋ። ቀጠሮ አስይዤልሃለሁ።»

ስለዚህ ዛሬ ክሬኑን የሚፈልግ ሰው ሱቁ ካጣው ላይኛው ፎቅ ይፈልገው። እዚያ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አንዲት ከእጅ መዳፍ የማትበልጥ የአሸዋ ከረጢት ታስራለታለች። ከሁሉ ትንሿ እሷ ናት። መጀመሪያ ቀን ሲያያት ተሳድቧል፤ ትልቁን አምጡልኝ ብሏል፤ ባለሙያዋም «መጀመሪያ ይቺን አንሳና እናያለን» ብላዋለች። ሥራው እግሩን ቀጥ አድርጎ ማንሳት፣ እላይ ጥቂት ማቆየት፣ ሳይጥሉ ቀስ ብሎ ማውረድ ነው። ማንሳቱን ይችላል። ማቆየቱ ነው አልሆን ያለው። እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ ግንባሩ ላብ ያወጣል፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው በሽተኛ ሁሉ የራሱን ትቶ እሱን ያያል፤ ደረጃውን እሱ አዝሎ ያላወጣው ሰው ከመሀላቸው የለም። «በርታ!»፣ «አይዞህ ክሬኑ!»፣ «አትልቀቃት!» ይሉታል። ጣል ሲያደርጋት ሁሉም በአንድ ላይ «ኧረ!» ይላል፤ በማግስቱ ግን ሁሉም ከሰዓቱ ቀድሞ ይመጣል።

ትናንት ቲቸር ከፊት ለፊቱ በሁለት መደገፊያ ብረት መሀል ቆመው፣ ማንንም ሳይደገፉ፣ ከላይ እስከ ታች ሲያዩት ቆዩ።

«ያን ሁሉ ሰው የጎተትክ ሰውዬ፣ ይቺ አሸዋ ይህን ያህል ከበደችህ?»

«አሸዋዋ ቀላል ናት፣ ቲቸር» አለ ክሬኑ ላቡን እየጠረገ። «የከበደኝ እግሬ ነው።»

አለና ትንፋሹን ስቦ እግሩን እንደገና ማንሳት ጀመረ።